በመድፍ የታረሰ መሬት

የጦርነት ሥዕል ሲባል ብዙዎቻችን ቶሎ ትዝ የሚለን የዓድዋ ሥዕል ነው። ፈረሱ ይጋልባል፤ ጎራዴው ይመዘዛል፤ ጠመንጃው ይተኮሳል። አሁን የምንነግራችሁ ሥዕል ግን እንደዚያ አይደለም። ሰው የለበትም። ፈረስም ባንዲራም የለበትም። ያለው መሬት ብቻ ነው። ቢሆንም የጦርነት ሥዕል ነው።

የሣለው ፖል ናሽ የሚባል እንግሊዛዊ ነው። ጊዜው በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1914 እስከ 1918 የቆየው የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ነው። ቀጥለን የምንጠራቸው ዓመቶችም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። በቤልጂየም አገር፣ ኢፕር በምትባል ከተማ አጠገብ ሁለቱ ወገኖች ምሽግ ቆፍረው ለዓመታት ተፋጠጡ።

የዚያ አካባቢ መሬት ዝቅ ያለ ነው፤ አፈሩም ውሃ ቶሎ አያሰርግም። ዋልካ የሚያርስ ሰው ችግሩን ያውቀዋል። የአገሩ ገበሬዎች ያርሱ የነበረው ቦይ እያወጡ፣ ውሃውን እያጠነፈፉ ነው። መድፉ ታዲያ ቦዩን ሁሉ ደረመሰው። በ1917 ከባድ ዝናብ ሲጨመርበት ማሳው ማጥ ሆነ። ወታደሩም በቅሎውም ከነጭነቱ ጭቃ ውስጥ እየሰጠመ ቀረ።

ናሽ ከጦርነቱ በፊት ዛፍ መሣል የሚወድ ሰው ነበር። በ1917 መጀመሪያ መኮንን ሆኖ ኢፕር ዘመተ። አንድ ቀን ምሽግ ውስጥ ወደቀና የጎኑ አጥንት ተሰብሮ ወደ አገሩ ተመለሰ። ከጥቂት ቀን በኋላ ብዙዎቹ ጓደኞቹ በውጊያ አለቁ። መውደቁ አዳነው ማለት ነው። በዚያው ዓመት መጨረሻ ግን ሠዓሊ ተብሎ ወደዚያው ቦታ ተመልሶ ተላከ።

ያየውን በ1918 በዘይት ቀለም ሣለው። ዛፎቹ ቅርንጫፋቸው ተመልምሎ፣ ቅጠል የሚባል ሳይቀርላቸው እንደተቃጠለ እንጨት ቆመዋል። መሬቱ እዚህም እዚያም ተቆልሎ ኩይሳ ይመስላል። አንድ ጥማድ በሬ የሚያዞር ደልዳላ ቦታ እንኳ አይታይበትም። ከኋላ ደም የመሰለ ደመና አለ፤ ከደመናው በላይ የገረጣች ፀሐይ ትወጣለች። የሥዕሉ ስም «አዲስ ዓለም እየሠራን ነው» ይባላል። ደስ ብሎት እንዳይመስላችሁ፤ ሽሙጥ ነው።

በዚያው ጦርነት ኔቪንሰን የሚባል ሌላ ሠዓሊ በሽቦ አጥር አጠገብ የተደፉ የሁለት እንግሊዛውያን ወታደሮች ሬሳ ሥሎ ነበር። ሹሞቹ ሕዝብ እንዳያየው ከለከሉት። ናሽ በዚህ ሥዕሉ ላይ አንድም ሬሳ አልሣለም። ለእኛ ግን የእሱ ይብሳል። መሬት እንዲህ ከሆነ በላዩ የነበረው ሰው ምን እንደሆነ ገበሬ ለሆነ ሰው መንገር ያስፈልጋል እንዴ?

ሥዕሉ ዛሬ ለንደን ከተማ በጦርነት ሙዚየም ይገኛል። የኢፕር ገበሬዎችም ጦርነቱ ሲያበቃ ተመልሰው ጉድጓዱን ደለደሉ፤ ቦዩን እንደገና አወጡ፤ አረሱ። ዛሬም ሲያርሱ ያልፈነዳ የመድፍ ጥይት ከአፈሩ ይወጣል። አንዳንዱ የመርዝ ጋዝ ያዘለ ነው። ገበሬው ጥይቱን ሲያገኝ ያስታውቃል፤ ወታደሮች መጥተው ይወስዱታል። በ2014 ጦርነቱ ከተጀመረ 100 ዓመት ሲሞላው፣ ኢፕር ላይ በግንባታ ሥራ የነበሩ ሁለት ሰዎች ከዚያ ጦርነት የቀረ ጥይት ፈንድቶባቸው ሞቱ።