የወተት ጥርስ መበስበስ ከመጀመሪያው ጥርስ ጀምሮ ሊገታ ይገባል

የሕፃናት የወተት ጥርስ ጊዜውን ጠብቆ የሚወልቅ በመሆኑ መበስበሱ በብዙ ቤተሰቦች ዘንድ እንደ ቀላል ጉዳይ ይታያል። ጥርሱ የጠቆረ ሕፃን ሲያጋጥም «ይወልቃል፤ ሌላ ይበቅልለታል» ተብሎ የሚታለፈውም በዚሁ ምክንያት ነው። ይሁን እንጂ በሽታው ሕፃኑን ለሥቃይ፣ ምግብ ለመመገብ መቸገርና ለኢንፌክሽን የሚዳርግ ሲሆን፣ በመነሻው ላይ ከተደረሰበት በአነስተኛ ወጪ ሊገታ የሚችል ነው።

የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ይፋ ባደረገው የአፍ ጤና ሪፖርት፣ በዓለም ዙሪያ 514 ሚሊዮን የሚሆኑ ሕፃናት የወተት ጥርስ መበስበስ እንዳለባቸው አመልክቷል። ዕድሜው ከስድስት ዓመት በታች በሆነ ሕፃን ላይ አንድ የወተት ጥርስ እንኳ ተበልቶ፣ በዚሁ ሳቢያ ተነቅሎ ወይም ተሞልቶ ከተገኘ የጤና ባለሙያዎች የለጋ ዕድሜ የጥርስ መበስበስ ይሉታል።

የወተት ጥርሶች ቁጥራቸው 20 ሲሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ በስድስተኛው ወር አካባቢ መብቀል ጀምረው ሕፃኑ ሦስት ዓመት ገደማ ሲሆነው ይሟላሉ። የፊት ጥርሶች በስድስትና በሰባት ዓመት መውለቅ ሲጀምሩ፣ የኋላዎቹ መንጋጋዎች ግን እስከ 10 እና 12 ዓመት ይቆያሉ። በመሆኑም በሁለት ዓመቱ መንጋጋው የተቦረቦረ ሕፃን በዚያው ጥርስ ከስምንት ዓመት በላይ ማኘክ ይጠበቅበታል። ከዚህም ሌላ የወተት ጥርስ ለቋሚው ጥርስ ቦታ ይጠብቃል። ያለ ጊዜው ሲነቀል አጎራባቾቹ ወደ ክፍተቱ ስለሚያዘነብሉ ቋሚው ጥርስ ተዛንፎ ሊበቅል ይችላል። የጥርስ ሕመም ያለበት ሕፃን በሚገባ አይመገብም፤ እንቅልፍ ያጣል፤ ክብደቱም እንደሚፈለገው ላይጨምር ይችላል።

በተለምዶ «ጥርሱን ትል በላው» ቢባልም በጥርስ ውስጥ የሚኖር ትል የለም። መበስበስን የሚያስከትሉት በአፍ ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ስኳርን ወደ አሲድ ሲለውጡ ነው። አሲዱ ኢናሜል ከተባለው ጠንካራ የጥርስ የውጭ ሽፋን ላይ ማዕድናትን ያሟሟል። ምራቅ አሲዱን አዳክሞ ማዕድናቱን ወደ ቦታቸው የመመለስ ባሕርይ ቢኖረውም ለዚህ ተግባር ግማሽ ሰዓትና ከዚያ በላይ ያስፈልገዋል። ሕፃኑ በየጥቂት ደቂቃው ጣፋጭ ነገር የሚቀምስ ከሆነ ምራቁ ፋታ አያገኝም። በእንቅልፍ ጊዜ ደግሞ የምራቅ መጠን ስለሚቀንስ፣ ጣፋጭ ፈሳሽ የያዘ ጡጦ እንደጎረሰ የሚተኛ ሕፃን ይበልጥ ለጉዳት ይጋለጣል። ስለሆነም የስኳሩ መጠን ብቻ ሳይሆን የሚወሰድበት ድግግሞሽና ሰዓትም ወሳኝ ነው።

የበሽታው የመጀመሪያ ምልክት ጥቁር ቀዳዳ ሳይሆን ነጭ መስመር ነው። ይህም በላይኞቹ የፊት ጥርሶች ላይ፣ ከድድ አጠገብ፣ እንደ ጠመኔ የነጣና አንጸባራቂነት የሌለው ሆኖ ይታያል። በዚህ ደረጃ ኢናሜሉ ማዕድን አጥቷል እንጂ ገና አልተቦረቦረም። በመሆኑም ተገቢው እንክብካቤ ከተደረገ ጉዳቱ ሊቆም፣ አልፎም ሊመለስ ይችላል። ሳይታወቅ ከቀረ ግን ነጩ መስመር ወደ ቡናማነት ተለውጦ ጥርሱ እየተሸረፈ ይሄዳል። የታችኞቹን የፊት ጥርሶች ምላስና ምራቅ ስለሚከላከሉላቸው አብዛኛውን ጊዜ ከጉዳቱ ያመልጣሉ። ወላጆች በወር አንድ ጊዜ የሕፃኑን የላይኛ ከንፈር ገልጠው ጥርሶቹን በቂ ብርሃን ባለበት ቢመለከቱ ምልክቱን በጊዜው ሊደርሱበት ይችላሉ።

በአገራችን የስምጥ ሸለቆ አካባቢዎች በጥርስ ላይ የሚታየው ቡናማ ቀለም ሁሉ መበስበስ አይደለም። በመጠጥ ውሃ ውስጥ ያለው ፍሎራይድ የዓለም የጤና ድርጅት ካስቀመጠው በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ጣሪያ ሲያልፍ ፍሎሮሲስ የተባለውን ችግር ያስከትላል። ይህም በአብዛኛው በቋሚ ጥርሶች ላይ የሚታይ በመሆኑ ሁለቱን መለየት የባለሙያ ድርሻ ነው።

ሕፃናት ጥርስ ሲያበቅሉ ተቅማጥና ትኩሳት ያመጣል በሚል እምነት በአንዳንድ አካባቢዎች የሚፈጸመው ግግ ማስወጣት ደግሞ ጎጂ ልማዳዊ ድርጊት ነው። ንጽሕናው ባልተጠበቀ መሣሪያ ድድን መቅደድ ለደም መፍሰስና ለኢንፌክሽን ከማጋለጡም በላይ ከሥር ያለውን የቋሚ ጥርስ እንቡጥ ሊያበላሽ ይችላል። የተቅማጥ መፍትሔው ሕፃኑን ወደ ጤና ተቋም መውሰድ ነው።

መከላከሉ ከአመጋገብ ይጀምራል። ሕፃኑ እስከ ስድስት ወር የእናት ጡት ወተት ብቻ እንዲያገኝ፣ ከዚያም ከተጨማሪ ምግብ ጋር እስከ ሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ እንዲጠባ የዓለም የጤና ድርጅት ይመክራል። በመሆኑም ጥርስ ይበሰብሳል በሚል ስጋት ጡት ማስጣል አይገባም። ሊወገድ የሚገባው ስኳር የተጨመረበትን ሻይ፣ አጥሚት ወይም ወተት በጡጦ አድርጎ ማስተኛት ነው። ከስድስት ወር በኋላ ሕፃኑን በኩባያ ማለማመድ፣ አንድ ዓመት ሲሞላውም ጡጦውን ማስተው ይመከራል። ብስኩትና ከረሜላ ለማባበያነት ባይሰጡ ይመረጣል። ባክቴሪያዎቹ በምራቅ ስለሚተላለፉ ምግብ አኝኮ ማጉረስን መተውና የእናቲቱን የራሷን ጥርስ ማሳከምም ለሕፃኑ ይጠቅማል።

የመጀመሪያው ጥርስ ብቅ እንዳለ በለስላሳ ብሩሽ ጠዋትና ማታ ማጽዳት መጀመር አለበት። ፍሎራይድ ያለው የጥርስ ሳሙና መጠኑ እስከ ሦስት ዓመት የሩዝ ፍሬ፣ ከሦስት እስከ ስድስት ዓመት ደግሞ የአተር ፍሬ ከሚያህል መብለጥ የለበትም። የማታው ጽዳት ይበልጥ አስፈላጊ ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ ከውሃ በቀር ሌላ መጠጥ ባይሰጥ ይመረጣል። የውሃው ፍሎራይድ ከፍተኛ በሆነባቸው አካባቢዎች የሳሙናውን አጠቃቀም በተመለከተ ባለሙያ ማማከር ይገባል።

ጥርሱ ከተቦረቦረም መንቀል ብቸኛው አማራጭ አይደለም። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ ውስጥ ካካተታቸው መካከል ሲልቨር ዳያሚን ፍሎራይድ የተባለው ፈሳሽና ግላስ አዮኖመር የተባለው የጥርስ መሙያ ይገኙበታል። ፈሳሹ የበሰበሰውን ክፍል በቋሚነት ቢያጠቁረውም መበስበሱን ለማስቆም ያስችላል። መሙያው ደግሞ የኤሌክትሪክ መሰርሰሪያ ሳያስፈልግ በእጅ መሣሪያ ሊሠራ የሚችል ነው። ፊቱ ያበጠ፣ ድዱ መግል የያዘ ወይም ትኩሳት ያለበት ሕፃን ግን በአስቸኳይ ወደ ሐኪም መወሰድ ይኖርበታል።

ይህን ሁሉ ለማከናወን አዲስ መዋቅር መዘርጋት የግድ አይደለም። ሕፃናት በዘጠነኛውና በ15ኛው ወር ለኩፍኝ ክትባት፣ ከስድስት ወር ጀምሮም ለቫይታሚን ኤ ከጤና ባለሙያ ጋር ይገናኛሉ። እነዚህ ቀጠሮዎች የመጀመሪያዎቹ ጥርሶች ከሚወጡበት ወቅት ጋር የሚገጣጠሙ ናቸው። ባለሙያው ከንፈር ገልጦ ለማየትና እናቲቱን ለመምከር ጥቂት ደቂቃ ይበቃዋል። በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የተከፈቱ የሕፃናት ማቆያዎችም ጡጦ ጎርሶ የሚተኛ ሕፃን እንዳይኖር፣ መክሰስም በተወሰነ ሰዓት ብቻ እንዲሰጥ በመመሪያቸው ቢያካትቱ፣ የሠራተኞቻቸውን ልጆች ከሕመም፣ ወላጆቻቸውንም ከሕክምና ወጪና ከሥራ መስተጓጎል ይታደጋሉ።