የሁለት መዝገቦች ማመሳከር

ሁለት ሱቅ ያለው ነጋዴ ከሁለቱም በዱቤ የወሰደው ደንበኛ ማን እንደ ሆነ ለማወቅ መዝገቦቹን ማመሳከር ግድ ይሆንበታል። ሥራው ለኮምፒዩተር ሲሰጥ ግን የቋንቋው ጠባይ መታወቅ አለበት። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2009 ይፋ ያደረገው ጎ የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ፣ ለዚህ የሚሆን የስብስብ ዓይነት በውስጡ የለውም፤ ያለው ቁልፍና ዋጋ የሚይዝ ሠንጠረዥ ነው። ስለዚህ የደንበኛው ስም ቁልፍ ይሆናል፤ የዋጋው ስፍራ ባዶ ይተዋል። አንድ ቁልፍ ሁለት ጊዜ ስለማይመዘገብ ድግግሞሽ በራሱ ይቀራል።

ሁለቱን መዝገቦች በአንድ ሠንጠረዥ ማግባት ድምራቸውን ይሰጣል። የአንደኛውን ስሞች እያነሡ በሁለተኛው ሠንጠረዥ ቢፈልጓቸው፣ የተገኙት የጋራ፣ ያልተገኙት የአንደኛው ብቻ ናቸው። 10,000 ስም ያላቸው ሁለት መዝገቦች ስም በስም ቢነጻጸሩ እስከ 100,000,000 ማነጻጸር ይጠይቃሉ፤ በሠንጠረዥ ግን 10,000 መመዝገብና 10,000 መፈለግ ይበቃል።

የአማርኛ መዝገብ የራሱ ችግር አለበት። «ኃይሉ»ና «ሃይሉ» ለአንባቢ አንድ ስም ሲሆኑ ለኮምፒዩተር ሁለት ቁልፎች ናቸው፤ በዚህም ምክንያት የሁለቱም ሱቅ ባለዕዳ ሳይታወቅ ሌላ ዱቤ ሊወስድ ይችላል። ስለሆነም ሀን፣ ሐንና ኀን፣ ሰንና ሠን፣ አንና ዐን፣ ጸንና ፀን ከነዘሮቻቸው ወደ አንድ መመለስ ከማመሳከሩ አስቀድሞ የሚፈጸም ሥራ ነው።