ስለ ፀሐይ ኃይልና ስለ ማከማቻው አስተማማኝነት፤ በጋሞ ደጋና ቆላ ምሳሌነት ለጦር ሰፈር የሚሆን አሳብ

ስንቅ ያለቀበትን ሠራዊት ጀግንነት ብቻውን አያቆየውም። በ1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ የተሰለፈው የኢትዮጵያ ሠራዊት ስንቁ እየተመናመነ በመሄዱ፥ በሰፈረበት ብዙ ሊቆይ የማይችል እንደ ነበረ በታሪክ የታወቀ ነው። በዘመናችን ደግሞ ከእህሉና ከጥይቱ ጋር ሌላ ስንቅ ተጨምሯል፤ ይኸውም የኤሌክትሪክ ኃይል ነው። ሬዲዮው፥ የሌሊት መነጽሩ፥ የመድኃኒቱ ማቀዝቀዣ፥ ያለ እርሱ ሁሉም ግዑዝ ዕቃ ናቸው። ይህ ስንቅ ከፀሐይና ከውሃ ሊገኝ ይችላልን? ቢገኝስ በጭንቅ ቀን ይታመናልን? በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ይህን ነው።

ለምሳሌ የጋሞን ምድር የመረጥነው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፥ አርባ ምንጭ ለወታደራዊ ጉዳይ እንግዳ አይደለችም፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ2011 እስከ 2015 ድረስ የአሜሪካ አየር ኃይል ሰው አልባ አውሮፕላኖች ከአውሮፕላን ማረፊያዋ ይነሡ ነበር። ሁለተኛ፥ 1300 ሜትር ገደማ ከፍታ ካላት ከአርባ ምንጭ ተነሥቶ 2700 ሜትር ገደማ ከፍታ ወዳላት ወደ ጨንቻ ለመድረስ ከ40 ኪሎ ሜትር ያነሰ መንገድ ይበቃል። ስለዚህ ቆላና ደጋ ለአንድ ዕቃ የሚያቀርቡትን ፈተና በአንድ አካባቢ ማየት ይቻላል።

ነዳጅ ብቻውን ስለማይበቃበት ምክንያት

የተለመደው የጦር ሰፈር ኃይል ምንጭ በናፍጣ የሚሠራ ጄኔሬተር ነው። ጄኔሬተር ጥሩ አገልጋይ ነው፤ ነገር ግን ነዳጁ በመንገድ ይመጣል፥ መንገድ ደግሞ ይቆረጣል። የአሜሪካ ምድር ጦር በ2009 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ያወጣው ጥናት እንዳስረዳው፥ በአፍጋኒስታን በአማካይ በየ24ቱ የነዳጅ ጉዞ አንድ ሰው ይሞት ወይም ይቆስል ነበር። እንግዲህ የነዳጅ ዋጋ በብር ብቻ የሚቆጠር አይደለም። ከዚህም በላይ አየሩ በሳሳበት ከፍታ ላይ ተራ የናፍጣ ሞተር ጉልበቱ ይደክማል፤ በጨንቻ ከፍታ ከኃይሉ ሩብ ያህሉን ሊያጣ ይችላል። ድምፁና ሙቀቱም ሰፈሩ ያለበትን ለጠላት ያሳብቃል።

ከዋናው የኤሌክትሪክ መስመር መገናኘትስ? መስመር በሰላም ጊዜ ከሁሉ ይሻላል፤ ጦርነት ሲመጣ ግን ከሁሉ አስቀድሞ የሚበጠሰው እርሱ ነው። በ2013 ዓ.ም. በሰሜን ኢትዮጵያ ጦርነት በተነሣ ጊዜ ትግራይ ከብሔራዊው የኃይል መስመር ተቋርጣ፥ መቀሌ እንደገና የተገናኘችው በ2015 ዓ.ም. ነበር። በዚያ መካከል የተጎዳው ወታደሩ ብቻ ሳይሆን በሐኪም ቤት የተኛው ሕመምተኛም ጭምር ነው።

አስተማማኝነት ማለት ምን ማለት ነው?

አንድ ዕቃ አስተማማኝ ነው የምንለው፥ የተፈለገውን ሥራ፥ በተወሰነው ጊዜ፥ ባለበት ሁኔታ ሳያቋርጥ የመፈጸም ዕድሉ ከፍ ያለ ሲሆን ነው። የፀሐይ ሰሌዳ በዚህ ረገድ ጥሩ ስም አለው። የአሜሪካ ባሕር ኃይል ያዘጋጃት ቫንጋርድ አንድ የተባለችው ሰው ሠራሽ ጨረቃ በ1958 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ወደ ሰማይ ስትላክ ሁለት የሬዲዮ ማስተላለፊያዎች ይዛ ነበር። በባትሪ ብቻ የሚሠራው በዚያው ዓመት ዝም አለ፤ በፀሐይ የሚሠራው ግን እስከ 1964 ድረስ ድምፁን አሰማ።

ይሁን እንጂ ሰሌዳው ብቻውን ምንም አይደለም። ኃይሉ ከሰሌዳው ወደ መቆጣጠሪያው፥ ከዚያ ወደ ባትሪው፥ ከዚያም ወደ ኢንቨርተሩ ይሄዳል። ከአራቱ አንዱ ቢሰበር ሁሉም ይቆማል። ለማስረጃ ያህል፥ በአንድ ዓመት ውስጥ ሳይበላሹ የመቆየታቸው ዕድል በቅደም ተከተል 0.99፥ 0.98፥ 0.95 እና 0.97 ነው ብለን እናስብ። እነዚህን ብናባዛ 0.89 ገደማ እናገኛለን። እያንዳንዱ ክፍል ጥሩ ሆኖ ሳለ አጠቃላዩ ከ100 ጊዜ 11 ጊዜ ይወድቃል ማለት ነው።

መድኃኒቱ ሁለተኛ መንገድ ማዘጋጀት ነው። የማይበላሽበት ዕድል 0.80 ብቻ የሆነ ጄኔሬተር በአጠገቡ ብናቆም፥ ሁለቱም በአንድነት የመውደቃቸው ዕድል 0.11 ጊዜ 0.20፥ ማለት 0.02 ገደማ ይሆናል። ነገር ግን ይህ ሒሳብ እውነት የሚሆነው ሁለቱ የሚወድቁበት ምክንያት የተለያየ እንደ ሆነ ብቻ ነው። ሁለት የፀሐይ ሰሌዳዎችን አንድ ደመና ይሸፍናቸዋል፤ ሁለት ጄኔሬተሮችን አንድ የተቆረጠ መንገድ ያስቆማቸዋል። የፀሐይ ሰሌዳና ጄኔሬተር ግን የሚፈሩት ነገር የተለያየ ነው።

የቆላውና የደጋው ፈተና

በአርባ ምንጭ ፀሐይ አይጠፋም፤ አስቸጋሪው ሙቀቱ ነው። ሰሌዳው ከ25 ዲግሪ በላይ ሲግል በየዲግሪው ከኃይሉ 0.4 በመቶ ያህል ይቀንሳል። የእርሳስ ባትሪ ደግሞ ከ25 ዲግሪ በላይ በየ10 ዲግሪው ዕድሜው በግማሽ ያህል ያጥራል። ስለዚህ በቆርቆሮ ቤት ውስጥ የተቀመጠ ባትሪ፥ ሳጥኑ ላይ የተጻፈለትን ዕድሜ አይደርስም።

በጨንቻና በዶርዜ በኩል ነገሩ ይገለበጣል። ቅዝቃዜው ሰሌዳውን ይረዳዋል፤ ነገር ግን ጉምና ደመና ይበዛል፥ የእርሳስ ባትሪም በብርድ የሚሰጠው ኃይል ይቀንሳል። የሊቲየም ባትሪ ደግሞ ከዜሮ ዲግሪ በታች ሳለ ቢሞላ ይጎዳል፤ ስለዚህ በጉጌ ተራራ ከፍታ ውርጭ ባለበት ማለዳ ጥንቃቄ ይሻል። የዝናቡም ወራት ከሰሜኑ ይለያል። አዲስ አበባ ተቀምጦ የሚያቅድ ሰው የሐምሌንና የነሐሴን ደመና ብቻ ያስባል፤ የጋሞ ዝናብ ግን በሚያዝያና በግንቦት ይበረታል፥ በመስከረምና በጥቅምትም ይመለሳል። በአማካይ ፀሐይ የሚያቅድ ሰው በጉሙ ሳምንት ሬዲዮው ዝም ይልበታል።

ስለ ማከማቻው

የጋሞ ደገኛ እንሰቱን ፍቆ፥ ቆጮውን በጉድጓድ ቀብሮ ያቆየዋል። እህሉ ባልሰመረበት ዓመት ቤተ ሰቡን የሚያኖረው ያ ጉድጓድ ነው። ባትሪም ለኃይል እንደዚሁ ነው፤ መጠኑ የሚለካው በጥጋቡ ቀን ሳይሆን በክፉው ቀን ነው።

አንድ ትንሽ የጥበቃ ሰፈር እናስብ። ሬዲዮው በአማካይ 25 ዋት ለ24 ሰዓት፥ ማለት 600 ዋት ሰዓት ይፈልጋል። አምስት ባለ 8 ዋት አምፖሎች ለ5 ሰዓት ቢበሩ 200 ይሆናል። ለመድኃኒት ማቀዝቀዣው 700 ብንጨምር በቀን 1500 ዋት ሰዓት ነው። ሦስት ቀን ፀሐይ ባይወጣ 4500 ያስፈልጋል። የእርሳስ ባትሪ ከግማሽ በላይ ቢራቆት ቶሎ ስለሚሞት እጥፉን፥ 9000 መያዝ አለብን። ይህም 12 ቮልትና 100 አምፔር ሰዓት የሆኑ ስምንት ባትሪዎች ነው። እያንዳንዱ 30 ኪሎ ቢመዝን 240 ኪሎ ይሆናል፤ መንገድ በሌለበት ዳገት አራት በቅሎ ይጠይቃል። እስከ 80 በመቶ ሊራቆት የሚችለው የሊቲየም ብረት ፎስፌት ባትሪ ግን አምስት ይበቃል፤ ክብደቱም 60 ኪሎ ገደማ ስለሆነ አንድ በቅሎ ይሸከመዋል። ዋጋው ከፍ ያለ ነው፤ ከሌሎች የሊቲየም ዓይነቶች ይልቅ ግን ሲመታ በእሳት የመያያዙ አደጋ ያነሰ ነው።

ሰሌዳውም በክፉው ወር ይለካል። በጉሙ ወቅት በቀን የሦስት ሰዓት ሙሉ ፀሐይ ብቻ እንደሚገኝና ከኃይሉ 30 በመቶው በመንገድ እንደሚባክን ብንቆጥር፥ ሦስት ባለ 250 ዋት ሰሌዳዎች ያስፈልጋሉ። ሦስቱ ጎን ለጎን በትይዩ ተያይዘው አንዱ በጥይት ቢመታ፥ ሁለት ሦስተኛው ኃይል ይቀራል፤ የተመታ ጄኔሬተር ግን ምንም አያስቀርም። በአንጻሩ ሰሌዳ ስለሚያብረቀርቅ ከአየር ይታያል፤ አቀማመጡ መታሰብ አለበት።

ስለ ውሃ

ከደጋው ወደ ዓባያና ወደ ጫሞ ሐይቆች የሚወርዱት እንደ ሐሬና እንደ ኩልፎ ያሉ ወንዞች ሌላ ምንጭ ናቸው። በሴኮንድ 20 ሊትር ውሃ ከ30 ሜትር ቢወርድና መኪናው 60 በመቶውን ቢጠቀምበት፥ 3.5 ኪሎ ዋት ሌሊትና ቀን ይሰጣል። ውሃ በጉም ቀን አይቋረጥም፤ እንዲያውም ዝናብ ሲበዛ ይጨምራል። ስለዚህ የፀሐይ እውነተኛ ባልንጀራ ነው። ነገር ግን ቦዩን ጎርፍ ይሞላዋል፥ ጠላትም በአካፋ ያፈርሰዋል፤ ሰፈሩ ሲነሣም አብሮት አይሄድም። ስለሆነም ለሚንቀሳቀስ ጦር ሳይሆን ለቋሚ ሰፈር ብቻ የሚሆን ነው።

መደምደሚያ

ከዚህ ሁሉ የምንረዳው፥ የፀሐይ ኃይል ለጦር ሰፈር የማይታመን ነው የሚሉትም፥ ነዳጅን ፈጽሞ ይተካል የሚሉትም ልክ እንዳልሆኑ ነው። ሰሌዳው ታማኝ ነው፤ ደካማው ክፍል ማከማቻው ነው። ማከማቻውም የሚወድቀው አብዛኛውን ጊዜ በተፈጥሮው ሳይሆን፥ ገንዘብ ለመቆጠብ ሲባል አንሶ ስለሚገዛና የሚንከባከበው ሰው ስለሌለ ነው። ስለዚህ ሰሌዳው ዕለት ዕለት ይሥራ፥ ባትሪው በክፉው ወር ይለካ፥ ጄኔሬተሩም ለመጨረሻው ቀን ይጠበቅ እንላለን።

ከግዢው በፊት ደግሞ መለካት ይገባል። በ1979 ዓ.ም. የውሃ ቴክኖሎጂ ተቋም ሆኖ የተመሠረተው የአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ በሥፍራው ስላለ፥ ተማሪዎች በአርባ ምንጭና በጨንቻ አንድ ዓመት ሙሉ የፀሐዩንና የባትሪውን ሙቀት ቢመዘግቡ፥ ትርፉ ለወታደሩ ብቻ አይሆንም። ለአንድ የጥበቃ ሰፈር የተሠራው ሒሳብ፥ ክትባት ለሚያስቀምጥ የገጠር ጤና ኬላ ቁጥሩ ሳይለወጥ ያገለግላልና።