ዘር ከመበተን በፊት

አባቶችና እናቶች፣ እኛ የመሠረተ ትምህርት አስተማሪዎች ዝናብን ለእናንተ ልናስተምር አንችልም። ደመናውንም ነፋሱንም የምታውቁት እናንተ ናችሁ። ግን ዝናቡ ጠባዩን እየለወጠ ነው። ስለዚህ ሌላ መረጃ እንጨምርበት።

የራያ ቆቦን ቆላ እንመልከት። እዚያ ብዙ ገበሬ በበልጉ ዝናብ ዘግይቶ የሚደርስ ማሽላ ይዘራል። በልጉ ከቀረ በሐምሌ ቶሎ የሚደርስ ማሽላ ወይም ጤፍ ይዘራል። ክፉው ነገር ዝናቡ ሲያታልል ነው። አንድ ቀን ይጥላል፤ ዘር ይበተናል፤ ቡቃያ ይወጣል። ከዚያ ዝናቡ ሁለት ሳምንት ይጠፋል። ቡቃያው ይደርቃል። ዘሩ ጠፋ፤ የበሬው ድካም ከንቱ ቀረ። ለሌላ ዘር ብድር መግባት መጣ።

በ2007 ዓ.ም. በብዙ ቦታ በልጉም ክረምቱም ከዱ። ኤልኒኖ የሚባለው የሩቅ ውቅያኖስ ውሃ መሞቅ የክረምቱን ዝናብ አዛባው። በ2008 ዓ.ም. ከ10 ሚሊዮን የሚበልጥ ሕዝብ የምግብ እርዳታ ፈለገ።

የኢትዮጵያ ሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት ለበጋ፣ ለበልግና ለክረምት ትንበያ ያወጣል። ከሬዲዮ ስሙት፤ የቀበሌውን የግብርና ባለሙያ ጠይቁ።

ትንበያ ግን ቃል ኪዳን አይደለም። «ዝናቡ ከመደበኛ በታች የመሆን ዕድሉ ከመቶ 50 ነው» ቢባል ምን ማለት ነው? እንዲህ ከተባለባቸው 10 ዓመቶች በ5ቱ ዝናቡ ያንሳል፤ በ5ቱ አያንስም ማለት ነው። ስለዚህ ዘራችሁን ሁሉ በአንድ ቀን አትበትኑ። ከማሳው ከፊሉን ቶሎ ለሚደርስ ዘር ተዉ። ጥቂት ዘርም በጎተራ አስቀሩ።

ዝናቡን ራሳችሁም ለኩ። አፉና መቀመጫው እኩል የሆነ ጣሳ ከዛፍና ከቤት ርቆ ይቀመጥ። ሲያባራ የውሃውን ቁመት በማስመሪያ ለኩ። 20 ሚሊሜትር ከሆነ፣ በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር መሬት ላይ 20 ሊትር፣ ማለትም አንድ ትልቅ ጀሪካን ውሃ ወርዷል። 3 ሚሊሜትር ከሆነ ግን አፈሩን አረጠበ እንጂ ለዘር አይበቃም።

ቀኑንና ልኩን በደብተር ጻፉ። ዛሬ መጻፍ ችላችኋል። የዘንድሮው ደብተር ለከርሞው ዘር ምክር ይሆናል።