የምዕራብ ሃይላንድ ባቡርና ብቻውን የሚጓዝ ሰው

የምዕራብ ሃይላንድ የባቡር መስመር ከስኮትላንድ ትልቁ ከተማ ከግላስጎው ተነስቶ፣ በሐይቅና በተራራ መካከል እየተጠማዘዘ፣ በፎርት ዊልያም በኩል አትላንቲክ ዳር እስካለችው የማሌግ ወደብ ይደርሳል። ርዝመቱ 264 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን ባቡሩ ይህን ለመጨረስ ከአምስት ሰዓት በላይ ይፈጅበታል። ለቸኮለ ሰው የሚመከር አይደለም። ብቻውን መስኮት ሥር ተቀምጦ አገር ማየት ለሚፈልግ ግን በአውሮፓ ከሱ የተሻለ ማግኘት ያስቸግራል።

ከፍታው ኢትዮጵያዊ አንባቢን አያስደንቅም። የመስመሩ ከፍተኛ ጣቢያ ኮሩር ከባህር ወለል በላይ 408 ሜትር ላይ ይገኛል። ከብሪታንያ ተራሮች ሁሉ የሚበልጠው ቤን ኔቪስ እንኳ 1345 ሜትር ነው፤ በሙቀቷ የምትታወቀው ድሬዳዋ 1200 ሜትር ገደማ ላይ መቀመጧን ማስታወስ ይበቃል። ሃይላንድን ብርዳምና ምድረ በዳ ያስመሰለው ከፍታው ሳይሆን ወደ ሰሜን መራቁና ከአትላንቲክ የሚነፍሰው እርጥብ ነፋስ ነው። በጥንት ዘመን ግግር በረዶ የፋቀው ድንጋይ፣ ዝናብ የማይለየው ሣርማ ገደል፣ ዛፍ የሌለው ሜዳ በየተራ ያልፋሉ።

የፎርት ዊልያሙ ሐዲድ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1889 ተጀምሮ በ1894 ለመንገደኛ ተከፈተ። መሐንዲሶቹን ከሁሉ በላይ ያስቸገራቸው ራኖክ ሙር የሚባለው ሰፊ ረግረግ ነው። ሥራው ሊጀመር ባለበት ዓመት፣ በጥር ወር፣ መሐንዲሶችና የሥራ ተቋራጭ ያሉበት የሰባት ሰዎች ቡድን መስመሩ የሚያልፍበትን ቦታ ለማየት በእግሩ ሊያቋርጠው ገብቶ ነበር። በዝናብና በጨለማ ተበታትነው ነፍሳቸው የተረፈችው ለጥቂት ነው። በኋላም አፈሩ የጣሉበትን ሁሉ እየዋጠ ሲያስቸግር፣ የዛፍ ሥርና የታሰረ ጭራሮ እንደ ምንጣፍ ተነጠፈ፤ በላዩም በብዙ ሺህ ቶን የሚቆጠር አፈርና አመድ ተደፋበት። ባቡሩ ዛሬም የሚሄደው በዚያ ተንሳፋፊ ንጣፍ ላይ ነው። ሐዲዱን የሚያሠራው ኩባንያ ገንዘብ ሲያጥረው ከዲሬክተሮቹ አንዱ ጄምስ ሬንተን ከራሱ ሀብት አውጥቶ ሥራውን አስቀጠለ። ሠራተኞቹ ፊቱን የቀረጹበት ቋጥኝ አሁንም በራኖክ ጣቢያ ቆሞ ይታያል።

የገንዘብ እጥረቱ ሌላም ምልክት ጥሎ አልፏል። ከታይንድረም ወደ ብሪጅ ኦቭ ኦርኪ ሲኬድ ሰፊ ሸለቆ ይመጣል። በአንድ ረጅም ድልድይ መሻገር ከኩባንያው አቅም በላይ ስለነበር ሐዲዱ ወደ ሸለቆው ውስጥ ገብቶ፣ በሁለት አነስተኛ ድልድዮች ተሻግሮ፣ በተራራው ግርጌ ዞሮ ይወጣል። መንገደኛው የመጣበትን ሐዲድ ከማዶ ቁልጭ ብሎ ያየዋል። በዚህ መስመር ድህነቱ ያተረፈው ውበት ጥቂት አይደለም።

ከፎርት ዊልያም እስከ ማሌግ ያለው ቅጥያ በ1901 ተከፈተ። ዝናው በአብዛኛው የግሌንፊናን ድልድይ ነው፤ 21 ቅስቶች፣ 380 ሜትር ርዝመት፣ 30 ሜትር ከፍታ። የአካባቢው ድንጋይ ለመጥረብ ስለሚያስቸግር ተቋራጩ ሮበርት ማክአልፓይን ብረት በሌለው ኮንክሪት ገነባው፤ ሰዎችም "ኮንክሪት ቦብ" የሚል ቅጽል ስም አወጡለት። ሲሠራ አንድ ፈረስ ከነጋሪው ባዶ ምሰሶ ውስጥ ወድቆ እዚያው ተቀበረ የሚል ወሬ ለረጅም ጊዜ ሲወራ ኖሯል። በ1987 ምሰሶዎቹ ተበስተው ካሜራ ቢገባባቸው ምንም አልተገኘም። በ2001 ግን በዚያው መስመር ላይ ያለው የሎክ ናን ኡዋ ድልድይ በራዳር ሲታይ ፈረሱና ጋሪው እዚያ ውስጥ ተገኙ። ወሬው እውነት ነበር፤ የተሳሳተው ድልድዩን ብቻ ነው። ግሌንፊናንን ለዓለም ያስተዋወቁት ደግሞ የሃሪ ፖተር ፊልሞች ናቸው። በሞቃቱ ወራት በዚህ ክፍል የሚመላለሰው ጃኮባይት የተባለው የእንፋሎት ባቡር ቲኬቱ ቀድሞ ያልቃል፤ ተራው የናፍጣ ባቡርም ያንኑ ድልድይ በአነስተኛ ዋጋ ያሻግራል።

ብቻውን የሚሄድ ሰው ማወቅ ያለበት ነገር ብዙ አይደለም፤ ጥቂቱ ግን ዋጋ አለው። ከግላስጎው የሚነሳው ባቡር ክሪያንላሪክ ጣቢያ ላይ ብዙ ጊዜ ለሁለት ይከፈላል፤ ከፊሉ ፉርጎ ወደ ኦባን፣ የቀረው ወደ ማሌግ ይሄዳል። የሚቀሰቅሰው ጓደኛ የሌለው እንቅልፋም ራሱን ሌላ ባህር ዳርቻ ሊያገኘው ይችላል። በወንበር ምርጫ ከግላስጎው ሲነሱ በስተቀኝ መቀመጥ ያዋጣል፤ ሎክ ሎሞንድ የተባለው ትልቅ ሐይቅ በዚያ በኩል ነው። ፎርት ዊልያም ላይ ባቡሩ በመጣበት አፍ ተመልሶ ስለሚወጣ ያው ወንበር በስተግራ ይሆናል፤ ከግሌንፊናን ሥር የተዘረጋው ሎክ ሺልም በዚያው መስኮት ይታያል። እንደ ቢዝዴል ያሉ ትንንሽ ጣቢያዎች ላይ ባቡሩ የሚቆመው ሰው ሲጠይቅ ነው። በአዲስ አበባ ታክሲ "ወራጅ አለ" እንደሚባለው ወራጁ ለቲኬት ተቆጣጣሪው አስቀድሞ ይነግራል፤ ተሳፋሪ ደግሞ ለነጂው እጁን ያውለበልባል።

ኮሩር የተለየ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ወደዚህ ጣቢያ የሚያደርስ የሕዝብ መኪና መንገድ የለም። ወርዶ ከሁለት ኪሎ ሜትር በታች በእግር የሄደ ሰው ሎክ ኦሲያን ሐይቅ ዳር ካለችው አነስተኛ የእንግዳ ማረፊያ ይደርሳል። ባቡር በቀን ጥቂት ጊዜ ብቻ ስለሚያልፍ ግን ያመለጠው መንገደኛ ታክሲ ጠርቶ አይወጣም። ሰዓቱን ጽፎ መያዝ፣ ስንቅና የዝናብ ልብስ አለመርሳት ግድ ነው፤ የስልክ ኔትወርክም በብዙ ቦታ ይጠፋል።

ከለንደን ለሚመጣ ሰው ካሌዶኒያን ስሊፐር የተባለው የሌሊት ባቡር ከቅዳሜ በቀር በየሌሊቱ ከዩስተን ጣቢያ ተነስቶ ረፋድ ላይ ፎርት ዊልያም ይገባል። ብቸኛ መንገደኛ የራሱን የመኝታ ክፍል መያዝ፣ ገንዘብ መቆጠብ ከፈለገም ወንበር ላይ ማደር ይችላል። ራኖክ ሙርንም በማለዳ ብርሃን ያየዋል።

መስመሩ ማሌግ ድረስ የተዘረጋው ዓሣው ሳይበላሽ ገበያ እንዲደርስ ነበር፤ ዛሬ ያንን ሥራ የጭነት መኪና ተረክቦታል። የስካይ ደሴት መርከብ የሚነሳው ከባቡር ጣቢያው ጥቂት እርምጃ ርቆ ሲሆን፣ ደሴቲቱ ላይ ወዳለችው አርማዴል ለመሻገር ግማሽ ሰዓት ያህል ይወስዳል።