የልጆች ውፍረት ከዘር ነውን ወይስ ከአኗኗር?

በሀገራችን ሰውን «ወፈርህ» ማለት ምስጋና እንጂ ነቀፋ ሆኖ አያውቅም። በደምበጫ ያለች እናትም የልጅዋ ጉንጭ ሞልቶ ባየች ጊዜ «ፋፋልኝ» ብላ ፈጣሪዋን ታመሰግናለች። ይህ ንግግር ከችግር የተወለደ ነውና የሚነቀፍ አይደለም። በ2008 ዓ.ም. በመላ ኢትዮጵያ በተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት፥ ከአምስት ዓመት በታች ካሉት ሕፃናት ከመቶው 38ቱ ቁመታቸው ለዕድሜያቸው ከሚገባው ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል፤ የአማራ ክልል ለብቻው ሲቈጠር 46 ደርሷል። በዚያው ጥናት ከልክ በላይ የወፈሩት ከመቶው አንድ ያህል ብቻ ነበሩ።

እንግዲህ ራብ ባልለቀቀው አገር ስለ ውፍረት መጻፍ ምን ይረባል የሚል አንባቢ ቢኖር፥ ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን ራብና ውፍረት ባላንጣ መስለው የሚታዩ ዘመዳሞች ናቸው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1944 መጨረሻና በ1945 መጀመሪያ በሆላንድ አገር ጽኑ ራብ ሆኖ ነበር። በኋላ ለውትድርና የተመዘገቡ 300 ሺህ ያህል የ19 ዓመት ጐልማሶች ሲመረመሩ፥ እናቶቻቸው በእርግዝና የመጀመሪያ አጋማሽ የተራቡባቸው ልጆች ከሌሎቹ ይልቅ ወደ ውፍረት አዘንብለው ተገኙ። ሊቃውንቱ ይህን ሲተረጕሙ፥ በማኅፀን ሳለ ያጣ ሰውነት በኋላ ያገኘውን ማከማቸት ይለምዳል ይላሉ። የ1977 ዓ.ም.ን ድርቅ ያየች አገር ይህን እንደ ሩቅ ወሬ ልትሰማው አይገባም።

ስለ ዘር የሆነ እንደ ሆነ ነገሩ ተረት አይደለም። በአውሮፓውያን 1986 ዓመት በዴንማርክ በጉዲፈቻ ያደጉ ሰዎች ተመርምረው፥ ውፍረታቸው የወለዷቸውን እንጂ ያሳደጓቸውን አልመሰለም። በ1994 በአሜሪካ፥ ከሰውነት ስብ ወደ አንጐል የጥጋብን ወሬ የሚያደርስ ሌፕቲን የተባለ ንጥረ ነገር ታወቀ፤ በ1997 ደግሞ ይኸው ከትውልዳቸው የጐደለባቸው፥ በልተው የማይጠግቡ ሁለት ዘመዳሞች ልጆች በእንግሊዝ ተገኙ። በኋላ ሌፕቲኑ በመርፌ ሲሰጣቸው መብላቸውም ክብደታቸውም ቀነሰ። እንዲህ ያለው ግን እጅግ ጥቂት ነው። የብዙው ሰው ውርስ ቀለል ያለ ነው፤ በ2007 ከውፍረት ጋራ ያለው ዝምድና የተገለጠውን ኤፍ-ቲ-ኦ የተባለ ዘረ-መል፥ አክባጁን መልክ ከአባትም ከእናትም የወረሰ ሰው ካልወረሰው በአማካይ 3 ኪሎ ያህል ይበልጣል።

ታዲያ ምክንያቱ ዘር ብቻ ቢሆን ኖሮ፥ ከ5 እስከ 19 ዓመት ካሉት የዓለም ልጆች በ1990 ከመቶው 8 የነበሩት ከልክ ያለፉ ወፍራሞች በ2022 ከመቶው 20 ባልሆኑም ነበር። በ32 ዓመት የሰው ደም አይለወጥም፤ የተለወጠው ገበታውና እግሩ ነው። የስኳር በሽታና የደም ብዛትም ይህን መንገድ ተከትለው ያለ ዕድሜ ይመጣሉ።

ደምበጫ ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ያለች ከተማ ናት። በዙሪያዋ የባላገሩ ልጅ ከብት ይጠብቃል፥ ውሃ ይቀዳል፥ ወደ ትምህርት ቤት በእግሩ ይሄዳል፤ የአብነት ተማሪውም ቁራሹን ለማግኘት ከደጅ ወደ ደጅ ይዞራል። በእነዚህ ዘንድ ከዘር የመጣ ውፍረት ቢኖር እንኳ የሚገለጥበትን ጊዜ አያገኝም። በከተማ ግን የጭነት መኪና ስኳር፥ ለስላሳ መጠጥ፥ ብስኩትና በብርድ የሚረጋ የፓልም ዘይት ያራግፋል፤ ባጃጅ ልጁን እስከ በር ያደርሰዋል፤ የቀረውን ሰዓት ስልኩ ይወስደዋል። በጾማችን የምንታመንም አለን፤ ዳሩ ግን የለስላሳው ጠርሙስም በዘይት የተጠበሰው ድንችም የጾም ነው! ሥጋና ቅቤ ተከልክሎ ስኳርና ዘይት ሲተካ፥ ሰውነት ትርፉን እንደ ቅቤው አድርጎ ያስቀምጠዋል።

በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በለስላሳ መጠጥ ላይ ታክስ መጣሉ መልካም ነው፤ ነገር ግን ታክስ የትምህርት ቤቱን በር አይጠብቅም። በበሩ ላይ የሚሸጠውን መመልከት፥ የመጫወቻውንም ሜዳ ለሱቅ አሳልፎ አለመስጠት የወረዳው ሹማምንት ሥራ ነው። በጤና ኬላ የከሳው ሕፃን በክንዱ ልክ ይታወቃል፤ የወፈረውን ለማወቅ ግን ክብደቱን ከቁመቱና ከዕድሜው ጋራ ማመዛዘን ያስፈልጋል።

ካህናቱም፥ ይልቁንም የንስሐ አባቶች፥ እናቶች የሚሰሟቸው ናቸውና ወፍራሙን ልጅ «ሆዳም» እያሉ መስደብን ቢከለክሉ ይገባል፤ ወላጆቹን አልመረጠም፥ ወደ ቤት የሚገባውንም ምግብ የሚገዛው እርሱ አይደለም። ገና በጨቅላነቱ ያለ ልክ የሚወፍርና በልቶ የማይጠግብ ሕፃን ያጋጠማቸው እንደ ሆነ ደግሞ፥ ጠበሉን ሳያስተዉ ወደ ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል እንዲወሰድ ይምከሩ።