ያውቁ ኖሯል? ኤሌክትሮን በባቄላ ሥር ውስጥ

በነሐሴ አንድ የባቄላ እግር ከነሥሩ ነቅለው አፈሩን ያራግፉ። ሥሩ ላይ የተለጠፉትን ትንንሽ እባጮች በጥፍርዎ ይሰንጥቋቸው። ውስጣቸው ቀላ ካለ ሥራ ላይ ናቸው፤ እዚያ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች የአየርን ናይትሮጅን ወደ አሞኒያ እየለወጡ ነው። ቅላቱ የደማችን ሄሞግሎቢን ዘመድ የሆነ ፕሮቲን ነው፤ ኦክሲጅንን እየያዘ ናይትሮጅኑን የሚለውጠውን ኢንዛይም ከጥፋት ይጠብቃል።

ከምንተነፍሰው አየር 78 በመቶው ናይትሮጅን እንደሆነ ያውቁ ኖሯል? ግን ሁለቱ አተሞች በሦስት ቦንድ ስለተቆላለፉ ተክሉ እንዳለ ሊጠቀምበት አይችልም። የማዳበሪያ ፋብሪካ ይህን ቁልፍ የሚሰብረው ከ400 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባላነሰ ሙቀትና በከባድ ግፊት ነው። ባክቴሪያው በአፈሩ ሙቀት ይሠራዋል፤ መሣሪያውም ናይትሮጂኔዝ ይባላል።

ናይትሮጂኔዝ ሁለት ፕሮቲን ነው። ትንሹ አመላላሽ ነው፤ በአንድ ጉዞ የሚያደርሰው አንድ ኤሌክትሮን ብቻ ሲሆን ለእያንዳንዱ ጉዞ 2 ኤቲፒ (የሕዋስ የኃይል ሞለኪውል) ይወጣል። አንድ የናይትሮጅን ሞለኪውል ለመለወጥ 8 ኤሌክትሮን ያስፈልጋል። አመላላሹ ከትልቁ ፕሮቲን ጋር 8 ጊዜ ይጣበቃል፣ 8 ጊዜ ይላቀቃል፤ 16 ኤቲፒ ያልቃል።

ኤሌክትሮኑ የሚሄድበት ሽቦ የለም። ከአንዱ የብረትና የድኝ ክምችት ወደ ሌላው፣ ከ2 ናኖሜትር የማይበልጥ ርቀት፣ በኳንተም ሕግ ይሻገራል።

እኔን ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ቅደም ተከተሉ ነው። አመላላሹ ሲጣበቅ ኤሌክትሮኑን ወዲያው የሚያስረክብ ይመስላል። ጥናቶች ያሳዩት ግን ሌላ ነው፦ መካከል ላይ ያለው ጣቢያ፣ 8 ብረትና 7 ድኝ ያለው ክምችት፣ አስቀድሞ ከራሱ አንድ ኤሌክትሮን አውጥቶ ወደ ውስጥ ያበድራል፤ አመላላሹ ከዚያ በኋላ ይተካለታል። ኤቲፒውም የሚሰበረው ኤሌክትሮኑ ከተሻገረ በኋላ ነው።

የጉዞው መድረሻ 7 ብረት፣ 9 ድኝና 1 ሞሊብዲነም ያለበት ክምችት ነው። ቅርጹ በ1992 እ.ኤ.አ. ይፋ ሆነ። መሐሉ ላይ ያለው አተም ካርቦን መሆኑ የተረጋገጠው ግን በ2011 እ.ኤ.አ. ነው።

ከ8ቱ ኤሌክትሮኖች 2ቱ ሃይድሮጅን ጋዝ ሆነው እንደሚወጡስ ያውቁ ኖሯል? ብክነት አይደለም። ክምችቱ 4 ኤሌክትሮን ከሃይድሮጅን ጋር አጣምሮ ያጠራቅማል፤ ናይትሮጅን የሚጣበቀው ሃይድሮጅኑ ሲለቅለት ነው።

ያቺ አንዲት የሞሊብዲነም አተም ለገበሬውም ጉዳይ ናት። አሲዳማ አፈር ሞሊብዲነምን አጥብቆ ስለሚይዝ ባቄላው ሊያጣው ይችላል። በደጋው አሲዳማ ማሳ ላይ ኖራ ሲበተን የአፈሩ አሲድ ይቀንሳል፣ ሞሊብዲነሙም ወደ ሥሩ ይለቀቃል።